በበሬ የተጎተተ በረራ

ፊልም አብሮኝ የሚያይ ሰው ካጣሁ ሰነባብቻለሁ። ዓይኔ ደህና ነው፤ ጠንቁ አፌ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ሃያ ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ካባ የለበሰ ጎረምሳ ከፎቅ ፎቅ ሲዘል ዝም ብሎ ማየት አይሆንልኝም። ባለቤቴ ብርቱካን ሥራዋን ጨርሳ፣ እግሯን ዘርግታ አንድ ፊልም ልታይ ስትል ሪሞቱን እነጥቃትና ምስሉን ቀጥ አደርገዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ማብራሪያ ነው።

አንድ ቀን ጀግናው ከሰማይ ጠቀስ ሕንጻ የወደቀች ሴት መሬት ልትነካ ክንድ ሲቀራት ቀለባት። ብርቱካን እፎይ አለች። እኔ አቆምኩትና፣ በዚያ ፍጥነት የመጣ ሰው መሬት ላይም ቢያርፍ ብረት በመሰለ ክንድ ላይም ቢያርፍ ለአጥንቱ ልዩነት እንደሌለው፣ ስለዚህ ሴትዮዋ በፊዚክስ ሕግ መሠረት ሞታለች ማለት እንደሆነ አስረዳኋት። ብርቱካን፣ «የዳነች ሴት ካልገደልክ እራት አይበላልህም?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ፊልም የምታየው ጎረቤት ሄዳ ነው።

እኔ ግን አልታረምኩም። የተማረ ሰው በሽታው ይኸው ነው፤ ደስታ በእግሩ ቤቱ ድረስ ቢመጣ እንኳ ደጅ ላይ አቁሞ መታወቂያ ይጠይቀዋል። ይህ ጠባዬ በከተማው መሰማቱ ነው ለመሰቀል ያበቃኝ። መሰቀል ስል በምሳሌ አይደለም፤ እንደርስበታለን።

አዱኛ የሚባል ወዳጅ አለኝ። እንጀራው ሠርግ መቅረጽ ነው። በሐሳብ እኔና እሱ ሰማይና ምድር ነን። የእብናት ሙሽሮችን ይቀርጽና ከኋላቸው ባሕርና ነጭ መርከብ ለጥፎ ያወጣቸዋል፤ ሚዜዎቹን በደመና ላይ ያራምዳቸዋል። አንድ ጊዜ ባሕር አይተው የማያውቁ የሙሽራ አባት ካሴቱን አይተው፣ ልጃቸው ያን ሁሉ ውኃ እንዴት እንደተሻገረ ሲጨነቁ ሰንብተው ነበር። «ተደስተዋል» ይላል አዱኛ፤ የተጨነቀና የተደሰተ ለእሱ አንድ ነው።

ይኸው አዱኛ በታኅሣሥ ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፋንታዬ የምትባል ሴት አስከትሎ ቤቴ መጣ። ፋንታዬ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ዘጠኝ ዓመት ቤሩት ሰው ቤት ሠርታ ተመልሳ፣ አሁን ከመናኸሪያው ጀርባ ፀጉር ቤት ከፍታለች። ያሳደገቻቸው የሰው ልጆች ጠዋት ማታ የሚበሩ ጀግኖች የሚያዩ ስለነበሩ፣ ቋንቋውን ከማወቋ በፊት ካባውን አውቃለች። አሁን የራሷን ፊልም ልትሠራ ነው። ታሪኩን በእጇ ጽፋ አንድ ወፍራም ደብተር ሞልታለች። አንዲት የገጠር ልጅ አለች፤ ትበራለች፤ ደላሎች ወደ ዓረብ አገር ሊያሻግሯቸው የወሰዷቸውን ልጃገረዶች ከመንገድ ላይ እየነጠቀች ለእናቶቻቸው ትመልሳለች። ጀግናዋን የምትጫወተው ራሷ ፋንታዬ ናት። ከእኔ የሚፈለገው ሰው እንዳይስቅባቸው ነገሩን እውነት እውነት እንዲሸት ማድረግ ነበር። አዱኛ «አማካሪ» ብሎ ጠራኝ። አማካሪ የሚለው ቃል እንደ ጠጅ ነው፤ ከአንጀት በፊት አናት ላይ ይወጣል። እሺ አልኩ።

ደብተሩን ሦስት ቀን አንብቤ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ መለስኩላት፤ ልክ እንደ ፈተና ወረቀት። ሰው ያለ ክንፍ አይበርም አልኩ። ክንፍ ይኑራት ቢባል፣ አምሳ ኪሎ ሰው የሚያነሣ ክንፍ የቤት ጣራ ያህላል፤ በፀጉር ቤቱ በር አይገባም አልኩ። ካባው ከነፋስ ጋር ይጣላል፣ ወደ ኋላ ይጎትታታል፣ ይቅር አልኩ። በመጨረሻም ይህን ሁሉ ተራራ የምታቋርጥ ሴት ኃይሉን ከየት ታመጣዋለች ብዬ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ፋንታዬ አልተከራከረችኝም። መብረሯ እንዳለ ይሁን፣ ካባውም ይኑር፣ ስለ ኃይሉ ግን እርስዎ ልክ ነዎት፣ እንግዲያስ ትብላ አለች። ስለዚህ በፊልሙ ውስጥ ጀግናዋ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ትበላለች። ደላላው ልጆቹን በሚኒባስ ጭኖ እያመለጠ እሷ ቁጭ ብላ ሽሮዋን ትጠርጋለች። ተመልሳም ትበላለች። ፊልሙ በእኔ ምክር እውነተኛ ሆነ፤ ግማሹም ምሳ ሆነ።

ደላላውን እንዲጫወት የታጨው የአንድ ሆቴል ገንዘብ ያዥ ነበር። ይህ ሰው ሽማግሌ ልኮ መልስ የሚጠብቅ ስለነበር፣ የልጅቷ ወላጆች በደላላነት ካዩኝ አይድሩልኝም ብሎ ቀረጻው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ሸሸ። አዱኛ ወደ እኔ ዞሮ ኮት እንዳለኝ ጠየቀ። አለኝ አልኩ። ክራቫትስ አለ። እሱም አለኝ። በሁለት ጥያቄ ደላላ ሆንኩ። ደላላ በእርግጥ ክራቫት ያስራል ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ አማካሪው ነበርኩ፤ አማካሪው ግን ያን ጊዜ ስለ ገመድ እያሰበ ነው።

ጥር ላይ ትምህርት ቤቱ ለሴሚስተር ዕረፍት ሲዘጋ በአንድ ሐሙስ ወደ ሐሙሲት ወረድን። ሐሙስ የሆነው በጥር ወር አዱኛ ሥራ የሚፈታበት ቀን እሱ ብቻ ስለሆነ ነው፤ ሐሙስ የሚያገባ የለም። ፋንታዬ የተወለደችው ከሐሙሲት ወጣ ብሎ ካለ መንደር ሲሆን፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም አያ ሙላት እዚያው ያርሳሉ። ከማሳቸው ዳር አንድ ትልቅ ዋርካ አለ። የምንቀርጸው የፊልሙን ማብቂያ ነበር፤ ጀግናዋ ደላላውን በኮሌታው አንቃ ወደ ሰማይ ይዛው ትወጣለች። ሰማይ ማለት በእኔ ስሌት ሦስት ሜትር ነው።

መሣሪያውን የነደፍኩት እኔ ነኝ። የጉድጓድ ውኃ መሳቢያ ፑሊ ከዋርካው ቅርንጫፍ ላይ አሰርን። በእሱ ላይ ወፍራም የናይለን ገመድ አሳለፍን። አንዱ ጫፍ እኔና ፋንታዬ ወገባችን ላይ ከታጠቅነው የሸራ ቀበቶ ጋር ተያያዘ፤ ሌላውን ጫፍ የሚጎትተው የአያ ሙላት በሬ ዳልቻ ነው። ከሥራችን ጭድ ከመርን። የሁለታችንን ክብደት፣ የገመዱን ሰበቃ፣ የበሬውን ጉልበት አንድ በአንድ አስልቼ ወረቀቱን በደረት ኪሴ ይዣለሁ። አያ ሙላት ዳልቻ ብቻውን መሥራት እንደማይወድ፣ አብሮት የሚጠመደው ቅንጅቱ ማዶ ታስሮ እንደሚግጥ፣ እሱንም ብናመጣው እንደሚሻል ነገሩኝ። እኔም በአክብሮት፣ ለዚህ ሸክም አንድ በሬ ከበቂ በላይ መሆኑን ከወረቀቱ ላይ አሳየኋቸው። ወረቀቱን አይተው ዝም አሉ። ሰው የማያነበውን ወረቀት አይቶ ዝም ሲል አሸነፍኩ ብሎ የሚያስብ ሞኝ አለ፤ እኔ ነኝ።

አዱኛ ጀምሩ አለ። አያ ሙላት በሬውን ነዱት፤ እኛም ከመሬት ተነሣን። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ሜትር ደስ ይላል። ፋንታዬ ከመጋረጃ ጨርቅ የተሰፋውን ቀይ ካባዋን ነፋሱ እያውለበለበው በኮሌታዬ አንቃኛለች። እኔም ደብተሩ ላይ እንዳለው ማሪኝ እላታለሁ። ሦስት ሜትር ደረስን። አያ ሙላት ዳልቻን ቁም አሉት። በዚያችው ቅጽበት ከማዶ ጓደኛው እምቧ አለ።

የበሬውን ጉልበት አስልቻለሁ፤ ወዳጅነቱን አላሰላሁም።

ዳልቻ ወደ ጓደኛው ሲሮጥ እኛ ወደ ላይ ሄድን። ማሪኝ የምላት ሴት ከእኔ እኩል እየጮኸች ነው። አዱኛ በኋላ እንደነገረኝ ትወናዬ የተሻሻለው ከዚህ ላይ ጀምሮ ነው። አናቴ ቅርንጫፉን ሊመታ ትንሽ ሲቀር ገመዱ ከፑሊው መዘውር ወጥቶ በጎኑ ተሸጎጠና ቀርቀር ብሎ ቆመ። አያ ሙላት በሬውን እየጎተቱ መልሰው አመጡት። በወዲያ በኩል ገመዱ ላላ፤ እኛ ግን ያው ከላይ ነን። አያ ሙላት መሰላል ፍለጋ ወደ መንደር ሄዱ። አዱኛ ዛፍ ለመውጣት ሰውነቱ እንደማይፈቅድለት፣ ደግሞም ብርሃኑ በጣም ጥሩ መሆኑን ነግሮን መቅረጹን ቀጠለ።

በዚህ መካከል የሐሙሲት ገበያ ተመላሽ መጣ። እስቲ ከእነሱ ወገን ሆናችሁ እዩት። ጨውና በርበሬ ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ፣ ዋርካ ላይ ባለክራቫት ሰውዬና ቀይ ካባ የለበሰች ሴት ተንጠልጥለዋል። አንዲት ሴት አማተቡና ምን አጥፍተው እንደሆነ አዱኛን ጠየቁት። ፊልም ነው አላቸው። ፊልም ከሆነማ ብለው ሸክማቸውን አውርደው ተቀመጡ። ሌሎችም ተቀመጡ። ደቂቃዎች አልፈው ምንም ስላልተፈጠረ፣ መቼ ነው የሚጀምረው ብለው ማጉረምረም ጀመሩ። ልጁን ደብረ ታቦር አክስቱ ዘንድ አስቀምጦ የሚያስተምር አንድ አባት ለይቶኝ ኖሯል፤ ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሣኝና የልጁን የፊዚክስ ውጤት ጠየቀኝ። ልጁ ብልህ እንደሆነ፣ ሆኖም ችኩል ስለሆነ ስሌቱን ደግሞ ማየት እንደሚገባው ከላይ ሆኜ መከርኩት። ከልቡ አመሰገነኝ።

ፋንታዬ ከአፍንጫዬ ሥር ናት። እኔ ደግሞ ተዋርጄ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። አየሽ፣ ከመጀመሪያው ነግሬሽ ነበር፣ ሰው አይበርም አልኳት። ቀስ ብላ ቀና አለች።

«መምህር፣ ቤሩት የነበርኩት ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው» አለችኝ። «ሲወጡ በሩን ከውጭ ይቆልፉብኛል። በረንዳው ላይ ልብስ ሳሰጣ ልጆቹ ከውስጥ ያን የሚበር ሰውዬ ያያሉ። ወደ ታች ሳይ ሁለት ነገር ነበር የማስበው። አንደኛውን አልነግርዎትም። ሁለተኛው መብረር ነው። ዘጠኝ ዓመት በሁለተኛው ነው የቆየሁት። አሁን እርስዎ አይሆንም የሚሉኝ የትኛውን ነው?»

ክራቫቴን ለማስተካከል ሞከርኩ፤ በእሷ እጅ ነበር። ሁለታችንም ወደ ጉና ተራራ በኩል ዞረን ተንጠለጠልን።

መሰላሉ ሲመጣ አንድ ጎበዝ ወጥቶ ገመዱን በማጭድ ቆረጠው፤ ጭዱ ላይ ወደቅን። አንድ ቦታችን አልተሰበረም። የጭዱን ውፍረት ያሰላሁት እኔ ነበርኩ፤ ከዚያ ቀን ሥራዬ ልክ የወጣችው ስሌት ያቺ ብቻ ናት። የገበያው ሰው ወደደው። አንዱ እንዲደገም ጠይቆ ነበር።

ፊልሙ ከፋሲካ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ደብረ ታቦር በተከራየነው አዳራሽ ታየ። ፋንታዬ የመንደሯን ሰው በሁለት ሚኒባስ አስመጥታለች። ብርቱካን ከጎረቤቶቿ ጋር ከኋላ፣ እኔ ፊት ለፊት ተቀመጥን። የፈራሁት ለበረራው ነው። አዱኛ ገመዱን ከምስሉ ላይ አጥፍቼዋለሁ ቢልም ጣት የሚያህል ጥላ ከሰማይ ወርዶ ወገባችን ላይ ሲያርፍ እኔ አይቼዋለሁ። ይስቃሉ ብዬ አንገቴን ቀበርኩ። ፋንታዬ ተነሥታ በረረች፤ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ገመድ ያየ የለም። በየመሐሉ የምትበላውንም ምሳ ማንም አልጠላውም፤ ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ ይቺ ልጅ ብልህ ናት፣ ሆዷን ሳትይዝ መንገድ አትወጣም ሲሉ ሰማሁ።

ጣጣው የመጣው ከማላስበው በኩል ነው። ጀግናዋ ከእናቷ ጋር የምትነጋገርበት ትዕይንት አውድማ ላይ ነበር የተቀረጸው፤ ከኋላቸው ጤፍ ይወቃል። እናትየዋ ነገ ፍልሰታ ይገባል ትላለች። ይህችን ስትል አዳራሹ አጉረመረመ። ሰው ከሰው ጋር መነጋገር ጀመረ። አያ ሙላት ብድግ አሉ፤ አዱኛም ፊልሙን ከማቆም ሌላ አማራጭ አልነበረውም።

«ልጃችን ትብረር» አሉ። «ጻድቃን በክንፍ የሄዱበት አገር ነው፤ መብረሯ አልከበደኝም። በፍልሰታ ጤፍ ሲወቃ ግን አይቼ አላውቅም። በፍልሰታ ጤፉ ገና ከመሬት ብቅ ማለቱ ነው። ይህን ነገር ማነው ያረመው?»

አዱኛ በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። በባዶ ሆዷ እንዳትበር ስከላከል የነበርኩ ሰው፣ የአገሬን ጾምና የአገሬን አዝመራ አምታትቼ አሳልፌያለሁ። የክንፍ ስፋት አውቃለሁ፤ ነሐሴን አላውቅም። ይቅርታ ጠየቅሁ። አያ ሙላት ሲቀመጡ ከሴቶቹ መካከል አንዲት ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ እናት ተነሡ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለነበር አዳራሹ እንዲሰማቸው ጸጥ አለ።

«ደላላውም ልክ አይደለም» አሉ። «ደላላ ክራቫት አያስርም። ደላላ ዘመድ ነው። ቤት ገብቶ አብሮ ይበላል፤ ልጅቷን ሲወስዳት አብሮ ያለቅሳል።»

በእሳቸው ንግግር የሳቀም ያጨበጨበም አልነበረም። ሰው ሁሉ ፊት ለፊቱን እንጂ ጎረቤቱን አላየም። ፋንታዬ አንገቷን ደፍታ ነበር። ከዚያ አንድ ሰው እባካችሁ ቀጥሉት አለ፤ ቀጠለ፤ በመጨረሻም የዳልቻን ሥራ አይተው እስኪደክማቸው አጨበጨቡ። ወደ ቤት ስንመለስ ብርቱካንን እንዴት አየሽው አልኳት። «ማሪኝ ብለህ ስትለምን ግን የእውነት ነበር» አለችኝ።

ከዚያ ሰሞን ጀምሮ በከተማው መምህርነቴ ቀርቶ ደላላነቴ ነው የሚታወቀው። ደህና አድርጌ የማላውቃቸው ሰዎች ሰላምታዬን ከመለሱ በኋላ ልጆቻቸውን ይቆጥራሉ። ሐሙሲት ላይ ሚኒባስ ስሳፈር አንዲት እናት ልጇን ከጎኔ አንሥታ ከኋላ ወንበር አስቀመጠቻት። ሰው ሴት ስትበር አይቶ ፊልም ነው ብሎ ቤቱ ይገባል፤ ክራቫት ያሰረ መምህር ሲያይ ግን የራሱን ስጋት ነው የሚያየው። እኔም ክራቫቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

አንድ ቀን ትምህርት አልቆ ክፍሉ ባዶ ሲሆን አንዲት ልጅ ቀረች። ስሟን አልጠራም፤ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ያን ጊዜ አሥራ አንደኛ ነበረች። ጥቁር ሰሌዳውን እስክጠርግ ጠበቀችኝና፣ «መምህር፣ እኔንም ይላኩኝ» አለች።

ወዴት አልኳት። የሚልኩበት አለች። ልስቅ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ሳቄ ቀረ። ያ ፊልም እንደሆነ፣ እኔ የማውቀው ደላላ እንደሌለ ነገርኳት። ፊልም መሆኑን እንደምታውቅ፣ ሆኖም ሰው የማያውቀውን ነገር እንዲያ አድርጎ አይጫወትም ብላ እንዳሰበች መለሰችልኝ። እኔ ባልልካት ሌላ ሰው ማግኘቷ እንደማይቀርም እንደ ቀላል ነገር አከለችበት። ለመምከር አፌን ከፈትኩ። ያለኝ ምክር ሁሉ ስለ ትምህርት ጥቅም ነበር፤ እሱን ደግሞ ከእኔ እየሰማች ነው ልትሄድ የተነሣችው። ደብተርሽን ያዢ አልኳትና ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለው ፀጉር ቤት ይዣት ሄድኩ።

ፋንታዬ ልጅቷን አየቻት፤ እኔን አየችኝ፤ ምንም ሳትጠይቅ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት። እኔን ደጅ ጠብቅ ብላ መጋረጃውን ዘጋችው። ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችኝ፤ አልተቀየምኩም። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ከሰዓት በኋላውን አሳለፍኩ። ከውስጥ የውኃ ድምፅ ይሰማል፤ የፋንታዬ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይሰማል። ስለ ምን እንዳወሩ አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅም። ልጅቷ ስትወጣ ፀጉሯ ሹሩባ ተሠርቷል፤ ዓይኖቿ አብጠዋል።

ዳገቱን አብረን ወጣን። ሰፈሯ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ቆመች።

«መምህር፣ እሷ በርሬያለሁ ነው የምትለኝ» አለች። «እውነት ነው?»

በሬው፣ ገመዱና ፑሊው ሦስቱም ተያይዘው ምላሴ ጫፍ ላይ መጡ። ልጅቷ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«እውነት ነው» አልኳት። «አጠገቧ ነበርኩ።»